ክንፏ ላይ የተጻፈው ስም

አምሐ የሬዲዮ መቆጣጠሪያውን እጀታ ወደ ግራ ገፋ፣ ወደ ቀኝ ገፋ፤ ሞተር አልባዋ ትንሽ አውሮፕላን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ከለቡ ማሳ በላይ እየዞረች ወጣች፣ ወጣች፣ ከዓይን ጠፋች። የማሳው ባለቤት ሂርጳ ወትሮም አሞራ የሚዞርበትን አይቶ «እዚያ ጋ ወደ ላይ የሚያነሣ ሙቀት አለ» ይልና አውሮፕላኗን በእጁ ይወረውርለታል። ያን ቀን ሙቀቱ በረታባት።

«አይዞህ መምህር፣ ያገኘ ያመጣታል» አለ ሂርጳ እየሳቀ።

አምሐ አልሳቀም። ክንፏ ላይ ስም አለ፤ ስሙም የአምሐ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንጨት ሥራ መምህሩ አምሐ ይህን ጨዋታ የተማረው ከአንድ ፈረንጅ ባልደረባው ነው። ፈረንጁ አብዮቱ ሲፈነዳ መቆጣጠሪያውን ትቶለት ሲሄድ፣ «ስምህን ክንፏ ላይ ጻፍ፤ ብትጠፋ ይመልሱልሃል» ብሎት ነበር። ግን አንቴና ያለው ሳጥን የያዘ ሁሉ ሰላይ በሚባልበት ዘመን ማን ስሙን ወደ ሰማይ ይልካል? አምሐ ብሩሹን ይዞ ሲያመነታ ቆየና «ሂርጳ ሮበሌ፣ ለቡ» ብሎ ጻፈ። በአካባቢው ሂርጳን የማያውቅ የለም፣ ለዚህ ነው ብሎ ራሱን አሞኘ። ያኔ መሠረተ ትምህርት ገና ለቡ አልገባም፣ ሂርጳም ፊደል አይለይም ነበር። እውነቱን ከተናገርን ፍርሃት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ሳይመሽ የሂርጳ ሚስት ሞልቱ መካኒሳ አምሐ ቤት ድረስ በእግሯ መጣች። አውሮፕላኗ ወታደር ሰፈር ወድቃ፣ ሆዷ ውስጥ ሬዲዮ ተገኝቶ፣ ሂርጳን ገበሬ ማኅበሩ ቢሮ አስረውታል።

«ነገ ወደ ከተማ ይወስዱታል አሉ፣ ጋሼ። ከዚያ የተመለሰ ሰው አላየሁም።»

የአምሐ ሚስት ጸሐይወርቅ ጓዳ ጠራችው። «ሳጥኑን ሽንት ቤት ጣለው! ሁለት ልጅ አለህ እኮ።»

አልፈረደባትም። ግን ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልሎ ሞልቱን ተከትሎ ወጣ።

አውሮፕላኗ ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማለች። ሂርጳ አንድ ዓይኑ አብጦ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አምሐን ሲያይ እንደማያውቀው ሰው ፊቱን አዞረ።

«ይሄ ሰውዬ የእኔ ነች ብሎ ድርቅ ብሏል» አለ ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ካድሬ። «አንተስ ማን ነህ?»

አምሐ ሳጥኑን ከጋቢው አወጣ፤ አንቴናውን ስቦ እጀታውን ገፋ። የአውሮፕላኗ ጭራ እንደ ምንም ተንቀሳቀሰች። ካድሬው ወደ ኋላ ዘለለ፤ በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ጠመንጃውን አቀባበለ።

«የእኔ ነች» አለ አምሐ።

«ምን ያስለፈልፍሃል?» ብሎ ሂርጳ ተነሣ። «ስሜን የጻፍክባት ወደኸኝ አይደል? መሠረተ ትምህርት ገብቼ መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። ስሜ ሰማይ ላይ ሲዞር እያየሁ ደስታዬን ለሞልቱ እንኳ አልነገርኳትም። አንተ ወደ ልጆችህ ሂድ!»

አምሐ ክው አለ። ዝም ቢል ሂርጳ ወዳጁ እንደሆነ ይቀር ነበር። ግን ከተማ የሚወሰደው ሂርጳ ነው።

«ፈርቼ ነው፣ ሂርጳ» አለ። «ቢመጡ ወደ አንተ እንዲመጡ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ካድሬው ሂርጳን በእጁ «ሂድ» አለው፤ ጠባቂው የአምሐን እጅ የፊጥኝ ያስር ጀመር።

ሂርጳ ግን ቶሎ አልወጣም። ጠረጴዛው ጋ ቆመ፤ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ስሙን ከክንፏ ላይ ያሸው ጀመር። ቀለሙ አልለቅ አለው።