ደወሉን የሚመታው ማን ነው?

በሩ ሲደበደብ ከአምስቱ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ደንቡ ነዋ! ደወል እስኪመታ ዓይን አይገለጥም፣ እግር አይዘረጋም። ድምፅ ቢመጣ "ድምፅ ነው" ብሎ ወደ ትንፋሽ መመለስ ነው።

ለጢፋ ግን ትንፋሿ ጠፍቶባታል። ቤቱ የእሷ ነው። ይህን ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽን እያዳመጡ መቀመጥ ያስለመዳት ተከራይዋ የነበረ የቡድሃ እምነት ተከታይ፣ ከሲሎን የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ባሏ ሞቶ እንቅልፍ ባጣች ጊዜ። አብዮቱ ሲመጣ ሰውየው ወደ አገሩ ሄደ፤ ሰሌኖቹና አንዲት የነሐስ ደወል ቀሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረው የሚቀመጡትም ሰዎች አልተበተኑም። ለጢፋ ሶላቷንም አላጓደለች፣ ይህንንም አልተወች።

"ክፈቱ! በአብዮቱ ስም ክፈቱ!"

ያ ረቢ! ምናለ ዛሬ እንኳ ደንቡ ቢቀር! በአንድ ዓይኗ ወልደሰማያትን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ደወሉን የሚመታው እሱ ነው። የቡና መጋዘን ጸሐፊ የሆነው ይህ ልጅ ከቀበሌ እስር ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ሲለቁት "ሁለተኛ ከመጣህ አትወጣም" ብለውታል፤ ቀይ ሽብር ነውና የሚሉትን ያደርጋሉ።

በሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደበደብ ወልደሰማያት ደወሉን መታ። ለጢፋ ሮጣ መቀርቀሪያውን ሳበች።

የቀበሌው ጠባቂ ፈይሳ ጠመንጃውን አንግቦ ገባ። የሰፈሩ ልጅ ነው፤ የተማሪ ቤት ዩኒፎርሙን የሰፋችለት እሷ ናት።

"አዴ ለጢፋ፣ ይሄን ያህል ጊዜ ምን ስታቃጥሉ ነበር?"

"ምን እናቃጥላለን ልጄ? ተቀምጠን ነበር።"

"ተቀምጣችሁ ምን ታወሩ ነበር?"

"ምንም።"

"አምስት ሰው ተሰብስቦ ምንም?"

"ወላሂ ምንም!"

እውነቷን ነው፤ ጉዱ ግን እውነቱ ከውሸትም የባሰ መሆኑ ነው። ዕድር ነው ብትል እንኳ ይሻላት ነበር። በዚያ ዓመት፣ በጅማ ከተማ፣ አምስት ሰው በር ዘግቶ ዝም ለማለት ተሰበሰበ ቢባል ማን ያምናል?

ፈይሳ ሰሌኖቹን ገለባበጠ። ምድጃውን በእጁ ዳሰሰው፤ ቀዝቃዛ ነው። ወረቀት የሚባል አላገኘም። ተናዶ ደወሉን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው።

"ይሄን የሚመታው ማን ነው? ከውጭ ሰምቼዋለሁ። ምልክት የሚሰጥ ሰብሳቢ ነው። ሰብሳቢው ከእኔ ጋር ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ቤቱ።"

ወልደሰማያት ሊናገር አፉን ከፈተ።

ለጢፋ ፈራች። ነገ ሰርቦ ሄዳ ልትጠይቃት ያሰበቻት ልጇ ሱዓድ ትዝ አለቻት። አስተማሪው "ፍርሃት ሲመጣ ፍርሃት ነው በሉ፤ አታባርሩት" ይል ነበር። አፈር ይብላና፣ እንዴት ቀላል አስመሰለው! ቢሆንም በልቧ አለችው፤ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ግን አልሄደም።

ጎንበስ ብላ ደወሉን አነሳች። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ነክታው አታውቅም። መምቻው የት እንዳለ ስላላወቀች በጣቷ ቀለበት ጠርዙን መታችው።

"እኔ ነኝ" አለች። "ጫማዬን ላድርግ፣ ማሎ፣ እባክህ።"