የሻምበል አራጋው ፊርማ

ጀማሉዲን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሞባይል ይጠግናል፤ እንጀራው እሱ ነው። ሱሱ ግን ፊርማ ነው፤ ያውም በጦርነት የበረሩ አብራሪዎች ፊርማ። የሱቁ ግድግዳ አብራሪዎች በፈረሙባቸው ፎቶዎችና ጓንቶች ተሞልቷል፤ አንድ የተሰነጠቀ ሄልሜት ሳይቀር ተሰቅሏል። “ሰው ላም ያረባል፣ የኔው ፊርማ ያረባል” ትላለች ባለቤቱ ፈትሂያ። እሱ ራሱ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም፤ የኮምቦልቻን ቁልቁለት በሚኒባስ ሲወርድ እንኳ ዓይኑን ይጨፍናል።

ጥብቅ ሕግ አለው፤ የተጭበረበረ ፊርማ ግድግዳው ላይ አይወጣም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ታዲያ ባለፈው ጥር ከአዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ የተላከለት ፎቶ ሰላም ነሳው። ወጣት አብራሪ የጄት ክንፍ ተደግፎ ይስቃል። መልኩን ያውቀዋል፤ በምሥራቁ ጦርነት በርሮ ያልተመለሰው የደሴ ዙሪያው ልጅ፣ ሻምበል አራጋው ነው። ሌላ የቡድን ፎቶ ላይ ከነስሙ አለው። የዚህኛው ጀርባ ግን “በጸሎትዎ ያስቡኝ” ይልና ከሥሩ “ወልደ ሚካኤል” ተብሎ ተፈርሟል።

“ምን ዓይነቱ አጭበርባሪ ነው፣ የፈራሚውን ስም እንኳ የማያውቅ?” ብሎ ተናደደ። ቆይቶ ግን ነገሩ ይከነክነው ጀመር። አጭበርባሪ ቢሆን መጀመሪያ ስሙን አስተካክሎ ይጽፍ አልነበር? ወልደ ሚካኤል የሚባል አብራሪ አፈላልጎ አጣ። በመጨረሻ የአራጋው ባለቤት ኮምቦልቻ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ እንደሚኖሩ ሰማና ፎቶውን ይዞ ወረደ።

እትዬ ሸዋረጋን በረንዳ ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኛቸው። ፎቶውን ተቀብለው የሻምበሉን ፊት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

“ይኸ ጥርሱ” አሉ። “ይኸ ጥርሱ ነው ያታለለኝ።”

ጀማሉዲን ሳቀ። “የእጅ ጽሑፋቸው ያለበት ነገር ይኖርዎ ይሆን? ላስተያየው ብዬ ነው።”

ከሣጥን የጋብቻቸውን ፎቶ አመጡለት። ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ የተነሱት ነው፤ ዘመኑ ደርግ ነበርና፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የሚያገባ መኮንን አድኃሪ ይባል ነበር። ከጀርባው “ለሸዋዬ፣ አራጋው” ይላል። ጀማሉዲን አጉሊ መነጽሩን አወጣ። የሸዋዬ “ዋ”፣ የአራጋው “ው”፣ የወልደ “ወ”፤ የሁሉም ግራ ሆዳቸው ትልቅ፣ ቀኝ ሆዳቸው ትንሽ ነው።

“ወላሂ የራሳቸው እጅ ነው!” አለ በደስታ። “ግን ለምን በሰው ስም ፈረሙ?”

“በማን ስም?” እትዬ ሸዋረጋ ዓይናቸው ስለደከመ ጀርባውን አላነበቡትም ነበር።

“‘በጸሎትዎ ያስቡኝ፣ ወልደ ሚካኤል’ ይላል።”

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። “እስቲ ድገመው።”

ደገመላቸው።

“የክርስትና ስሙ ነው፣ ልጄ። ለቄስ ሰጥቶት ይሆናል። ጸሎት የሚለምን ሰው በክርስትና ስሙ አይደል የሚለምን!”

ጀማሉዲን ግንባሩን መታ። ወሎ ተወልዶ፣ ግማሽ ዘመዱ ክርስቲያን ሆኖ፣ ይኸ እንዴት ጠፋው? ሰውዬውን አብራሪ ብቻ አድርጎ ሲያይ፣ አብራሪም በአርባ ቀኑ ክርስትና እንደሚነሳ ረሳው።

“እኔ አላውቀውም ነበር” አሉ እትዬ ሸዋረጋ፣ እንባቸው እየወረደ። “ስንጋባ ጊዜው ይኸን የሚጠያየቁበት አልነበረም። እናቱም ቀድመው ሞቱ። በየዓመቱ በጸሎት ሳሳስበው ቄሱ ‘የክርስትና ስሙ?’ ይሉኛል። አላውቅም እላለሁ። ‘እንግዲህ እግዜር ያውቀዋል’ ብለው ያልፉታል። ስም የሌለው ጸሎት ይድረሰው አይድረሰው እያልኩ አረጀሁ።”

“አብሽሩ፣ እትዬ” አለ ጀማሉዲን። ከእጁ ፊርማ አውጥቶ የማያውቀው ሰው ፎቶውን ዘረጋላቸው። “ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው።”

መለሱለት። “ፎቶስ አለኝ። አንተ ስቀለው፣ ሰው ይየው። ስሙን ብቻ በትልቁ ጻፍልኝ፤ ቄሱ ፊት ደንግጬ እንዳይጠፋኝ።”

በወሩ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ጀማሉዲን ሱቁን ዘግቶ እንደገና ኮምቦልቻ ወረደና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመ። ቄሱ እንደ ልማዳቸው ስም ጠየቁ። እትዬ ሸዋረጋ ወረቀቱን ጨብጠውት ነበር፤ አላዩትም።

“ወልደ ሚካኤል” አሉ፣ አጥሩ ማዶ እስኪሰማ።

ቄሱ ጸሎቱን ከነስሙ አደረሱ። ጀማሉዲንም ከአጥሩ ውጭ ሆኖ “አሚን” አለ።