ከሁለት እስከ አምስት

አባቴ አቶ ላጲሶ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ገርጂ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስጠኗቸው ተማሪዎች አላጡም። ዘንድሮ ግን አንዲት ብቻ ቀርታ ነበር፤ ከቦሌ ቡልቡላ የምትመጣው የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ፌናን።

ሌሎቹ ለምን መምጣት እንዳቆሙ አውቃለሁ። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ስህተት አንዴ ቢታይ አልደነግጥም፣ እዚያው ቦታ ላይ ሲደጋገም ግን እመዘግባለሁ። አባቴ ኢንቲግራል፣ ማለትም ከመስመር በታች ያለን ስፋት፣ ሲሠሩ የላይኛውን ወሰን አስገብተው ያበቃሉ፤ የታችኛውን አስገብተው መቀነሱን ይረሳሉ። በአምስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ። ሐኪማቸው ስለ ማስታወስ ችሎታቸው የነገረኝንም አልነገርኳቸውም። ፌናን ከቀረች ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ነገር አይኖርም ብዬ ፈራሁ።

ያን ቅዳሜ ጥያቄው የ2x ኢንቲግራል ከሁለት እስከ አምስት ነበር። ፌናን ሃያ አንድ ብላ ጻፈች። አባቴ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው ሃያ አምስት አደረጉት።

"ዛሬ ፈዘሻል። ታክሲው ውስጥ ተኝተሽ ነው የመጣሽው?"

"ትንሽ፣ ቲቸር።" ደብተሯን ልትዘጋ ስትል በእጃቸው ያዙት።

"ሃያ አንድን ከየት አመጣሽው?"

"ከሃያ አምስት አራት ቀንሼ።"

"አራቱስ?"

ፌናን ወደ እኔ አየች። "የሁለቱ ነው፣ ቲቸር። የታችኛው።"

አልተቆጡም። ለሚጠራጠር ተማሪ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረጉ። ግራፍ ወረቀት አውጥተው መስመሩን አሰመሩ፤ ከሁለት እስከ አምስት ከመስመሩ በታች ያሉትን ካሬዎች፣ ቁርጥራጮቹን እያገጣጠሙ፣ በእርሳስ ጫፍ ቆጠሩ። አምስት። ሰባት። ዘጠኝ። ደመሩ፤ ሃያ አንድ። እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ።

"ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያረምኩሽ?"

"ቤት ስገባ አስተካክለዋለሁ፣ ምንም አይደል።"

"ስንት ጊዜ ነው ያልኩሽ። ትግስት፣ አንቺ ሳትቆጥሪ አትቀሪም።"

"ከዛሬው ጋር አሥራ ሁለት፣ አባዬ።"

"ፈተናዋ እኮ ደርሷል" አሉኝ።

ለፌናን ሌላ አስተማሪ እንድትፈልግ ነገሯት። እምቢ አለች።

"የምትመጪው ለጥናት ነው ወይስ ሽማግሌ ለመጠየቅ?"

"ሁለቱም አይሆንም?"

"አይሆንም፣ ልጄ።"

ከሄደች በኋላ ከግራፉ ሥር "ማስተማር አቁሜአለሁ" ብለው ጻፉ፤ ቀኑን አስገብተው ፈረሙ።

"ቅዳሜ ፌናን ዘገየች ካልኩሽ ይህን አሳዪኝ። በቃል አትከራከሪኝ፣ አላምንሽም። ስጪኝና ልቁጠረው።"

እስካሁን አራት ቅዳሜ ሰጥቻቸዋለሁ። በየጊዜው ፊርማቸውን አይተው ማን ጻፈው ይሉኛል፤ ከዚያ እርሳስ አንስተው ይቆጥራሉ፤ ሃያ አንድ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ይመልሱልኛል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቆጠራው ሦስት ደቂቃ ፈጀባቸው። ባለፈው ቅዳሜ ሃያ ስድስት።