አሥራ ዘጠነኛዋ

መቅደላ እንደ ሁልጊዜው በጠዋት ወፍጮ ቤቱን ከፍታ ቋቱን ጠረገች፤ ቁጥር የተጻፈባቸውን ካርቶኖችም ሚዛኑ አጠገብ ደረደረች። የመርሳ ገበያ ቀን ስለነበር ሴቶቹ ጆንያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። እሷ ወልድያ ማኔጅመንት ስትማር ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ለክረምት ስትመጣ እናቷ ሸዋዬ ሥራውን ለቀቁላት፤ የወረፋው አሠራርም ለትምህርቷ የምታቀርበው የተግባር ጽሑፍ ሆነ።

አባቷ ወፍጮውን ከተከሉ ጀምሮ ወረፋውን የሚያስከብሩት፣ በሩ ላይ ካለው በርጩማቸው የማይጠፉት የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ደሞዜ ናቸው። መጪውን ሁሉ የምን እህል እንደሆነ ይጠይቃሉ። የለቅሶ ቤት ከሆነ ወደፊት ያሳልፉታል። መቅደላ ግን በዚሁ ሰበብ ዘመዳቸውን የሚያሾልኩ ሴቶች አይታለች፤ ካርቶኑን ያመጣችው ለዚያ ነው።

ረፋድ ላይ ዘሀራ ማሽላ ተሸክማ ደረሰች፤ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ደረሳት። ጋሽ ደሞዜ ተነሥተው ወደፊት ጠሯት።

"ጋሽ ደሞዜ፣ ከፊቷ ገና ብዙ ሰው አለ" አለች መቅደላ።

"የጎረቤቷ የሚስባህ እናት ንጋት ላይ አርፋለች፣ ልጄ። ቀብሩ ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙህር በኋላ ነው። ለቀባሪው ቂጣ ይጋገራል።"

"ለአንድ ከፈቀድን ነገ ሁሉም ለቅሶ አለብኝ ይላል።"

"ይበል። የማን ቤት እንዳዘነ እኔ አይጠፋኝም።"

ተራዋ የደረሰው ደስታነሽ ካርቶኗን ለዘሀራ ዘረጋች። "የኔ ቤት እንደሁ ዛሬም ሽሮ ነው፤ አይቸኩልም" አለች። ሰዎቹ ሳቁ። መቅደላ ፊቷ ጋለ። ቁጥር ለሌላ እንደማይተላለፍ ራሷ ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋለች።

"አይቻልም" አለች።

ዘሀራ ማሽላዋን ልታነሣ ጎንበስ አለች። ጋሽ ደሞዜ ጆንያዋን አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና በመንገዱ ማዶ ወዳለው ወፍጮ ይዘዋት ሄዱ። መቅደላ እስከ ማታ በቁጥር አስፈጨች። ማንም ማንንም አልቀደመም፤ የሚያወራም አልነበረም።

ሸዋዬ ከለቅሶ ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወርዱ ተቀመጡ።

"ደሞዜን እዚያ አገኘሁት" አሏት። "ከእንግዲህ አልመጣም ብሏል።"

በማግስቱ መቅደላ ካርቶኖቹን ሰብስባ ከሚዛኑ ሥር አስገባች። በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ የመጣችውን ሴት የምን እህል እንደሆነ ጠየቀቻት።

"የለቅሶ ነው" አለች ሴትዮዋ።

መቅደላ ማን እንደሞተ አላወቀችም። ልትጠይቅ ወደ በርጩማው ዞረች። ጋሽ ደሞዜ የሉም።