ድንቡሼ ያጠናችው መልስ

ፀጉር ቤት ውስጥ ምክር ሞልቷል፤ ለዚያውም በነፃ። አንዲት ሴት ባሏን ልትፈታ ነው ከተባለማ ቢጎዲን የተጠቀለለላት ሁሉ ጠበቃ ናት። ፀጉር ሠሪዋም ይኸው ደረሰባት። ከባሏ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ልትፋታ መሆኗን ለአንዲት ደንበኛዋ ሹክ ብትል፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

መፋታቱ እንኳ ብዙም አላጨቃጨቀም። ዱላ የለ፣ ሌላ ሴት የለች፣ ሌላ ወንድ የለ። እሱ ሰው ሁሉ ተኝቶ እያለ ተነስቶ ሊጥ ሊያቦካ ይሄዳል። እሷ ስትነቃ እሱ የለም፤ እሷ ከሥራ ስትገባ እሱ እንቅልፉን ይለጥጣል። እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ቤት ውስጥ ሳይገናኙ ኖሩ። ሲገናኙም በሆነ ባልሆነው መነታረክ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ እሱ ልብሱን ሰብስቦ እህቱ ቤት ገባ። ጉዱ የመጣው በልጅቷ ነው። ሁለቱም «ልጄ ከእኔ ጋር ነው የምታድገው» ብለው ግግም አሉ።

ልጅቷን ድንቡሼ ይሏታል። ሕፃን ሳለች ጉንጯ ለመቆንጠጥ የተሠራ ነበር የሚመስለው። አሁን ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ቀጫጫ ሆናለች፣ ስሙ ግን አልለቃትም ብሏል። እናትየው ይህችን ልጅ ልታጣት እንደምትችል ባሰበች ቁጥር እጇ ይንቀጠቀጣል። እጇ የሚንቀጠቀጥ ፀጉር ሠሪ ደግሞ ምን ትሠራለች? አንድ ቀን የሰው ጆሮ በመቀስ ልትነካ ለጥቂት ተረፈች።

ከደንበኞቿ መካከል ዳኛዋ የምትባል አለች። የምን ዳኛ! ችሎት ረግጣም አታውቅ። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ በሰው ጉዳይ ስለምትፈርድ የወጣላት ስም ነው። ካስኩ ጆሮዋ ላይ ስለሚጮህ እሷም እየጮኸች ነው የምታወራው፤ በምስጢር የነገረችሽን መንገደኛው ሁሉ ይሰማዋል።

«ስሚኝ!» አለቻት። «ዳኛው ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቶ ያናግራታል። ልጅ ደግሞ ልጅ ነው፣ ከረሜላ የገዛላትን ብትመርጥስ? አስጠኛት!»

«ምን ብዬ?»

«እናቴ ታጥበኛለች፣ እናቴ ታስጠናኛለች፣ አባቴ ቤት የለም፣ ከእናቴ ጋር መኖር እፈልጋለሁ ትበል። በቃ! ለዚህ ጠበቃ ምን ያደርጋል?»

ፀጉር ሠሪዋ አላቅማማችም። ማታ ማታ የድንቡሼን ፀጉር እየጎነጎነች አስጠናቻት። ድንቡሼ መዝሙር ቶሎ የምትይዝ ልጅ ናት፤ ይህንንም ወዲያው በቃሏ ወጣችው። እናት ደስ አላት፣ እጇም ትንሽ ረጋ አለ። እኔ አልፈርድባትም። የፈራ ሰው ምን የማያደርገው አለ?

ጠበቃ ግን ነበራት። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ፎቁ ላይ፣ ለከፈለም ላልከፈለም የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ አለ። ጠበቃዋ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ ጫማቸውን ጠረጴዛው ሥር አውልቀው በካልሲ ነው ሰው የሚያነጋግሩት። አቤቱታዋን አስገብተውላት ነበር። ቀጠሮው ሲቃረብ «በይ ልጅቷን ይዘሻት ነይ፣ ልተዋወቃት» አሏት።

ፀጉር ሠሪዋ ልጇን ለብሳ የማታውቀውን ቀሚስ አልብሳ ወሰደቻት። ገና ከመቀመጣቸው «በይ ለእትዬ ንገሪያቸው» አለች፣ አፏን ሞልታ።

ድንቡሼ ተነሳች። እጇን ወደ ኋላ አደረገች። ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ «እናቴ ታጥበኛለች። እናቴ ታስጠናኛለች። አባቴ ቤት የለም። ከእናቴ ጋር መኖር እፈልጋለሁ» አለችና ቁጭ።

«ጎበዝ» አሉ ጠበቃዋ። «ክፍል ውስጥ ማን ነው አጠገብሽ የሚቀመጠው?»

ድንቡሼ ግራ ገባት። እናቷን አየች፣ ጠበቃዋን አየች፣ እንደገና ተነሳች። «እናቴ ታጥበኛለች…» ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች። መሀል ላይ ድምጿ ሰለለና፣ «ተሳሳትኩ እንዴ?» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጠበቃዋ ከወንበራቸው ተነስተው በካልሲያቸው መጥተው አቀፏት። «ምንም አልተሳሳትሽ የኔ ቆንጆ። ሂጂ እስቲ፣ እዚያኛው ክፍል ካለችው ልጅ ጋር ሥዕል ሳዪልኝ» ብለው ወደ ጸሐፊያቸው ሰደዷት። በሩን ዘጉና ወደ እናትየው ዞሩ።

«ማነው ያስጠናት?»

«እኔ ነኝ፤ ምን አጠፋሁ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ። «ውሸት ነው እንዴ? አላጥባትም? አላስጠናትም?»

«እውነት ነው። ግን ዳኛው የሚሰማው አንቺን እንጂ እሷን አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ አይቷል፤ ገና አንዱን ሳትጨርስ ያውቅብሻል። እሱስ ይቅር። አንዲት ቃል ብሳሳት እናቴን አጣለሁ ብላ የምትጨነቅ ልጅ ይዘሽ መጥተሻል እኮ፣ ልጄ።»

ፀጉር ሠሪዋ ክው አለች። ግን እልኸኛ ናት፤ ዝም አላለችም። «እና እትዬ፣ አፏ እንዳመጣላት ትናገር? አባቴን ነው የምፈልገው ብትልስ?»

«ካለች አለች። ማንም ምረጪ ብሎ አያስገድዳትም፤ ፍርዱም በአንድ ቃሏ አይሰጥም። ማን አብሯት እንደሚያድር፣ ማን ትምህርት ቤት እንደሚወስዳት፣ ስትታመም ማን እንደሚይዛት ይታያል። አስተማሪዋን ምስክር እጠራልሻለሁ፣ ጎረቤትሽን እጠራልሻለሁ። መከራከር የእኔ ሥራ ነው። እሷ ላይ አትጫኚው።»

እቤት ሲገቡ ፀጉር ሠሪዋ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። «ያስጠናሁሽን ተይው፣ እሺ? እርሺው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ድንቡሼ ትንሽ አሰበች። «የአባዬንም?»

ወይ ጉድ! አባትየውም ሊያያት በወሰዳት ቁጥር አስጠንቷት ኖሯል። ልጅቷ ሳትደናገር ያንንም ወረደችው፦ አባቴ ያጫውተኛል፣ አባቴ አይቆጣኝም፣ እናቴ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናት፣ ከአባቴ ጋር መኖር እፈልጋለሁ። ሲያልቅ ደግሞ፣ «ዳኛው የትኛውን በይ ቢለኝ ነው ያልገባኝ» አለች፤ ጉዳዩ አሳስቧት።

የፀጉር ሠሪዋ የመጀመሪያ ሐሳብ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ «ያዝኩት!» የሚል ነበር። አሁኑኑ ለጠበቃዋ ደውላ ልጄን በሐሰት አስጠናብኝ ልትል ስልኳን አነሳች። አነሳችና እጇ ላይ ቀረ። ምን ብላ ትከሰዋለች? እኔ ያስጠናሁት ሳያንስ እሱም አስጠና ብላ? ልጅቷ ጭኗ ላይ ሆና ፊቷን ፊቷን ታያታለች። ያን ጊዜ ገባት። ለካ ይህች ትንሽ ልጅ ለሁለት ሰው ታጠና የነበረው ሁለቱንም እንዳታጣ ነው። አቅፋት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የሥራ ቦታዋን ለጓደኛዋ አደራ ብላ ዳቦ ቤቱ ሄደች። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን አጥፍቶ መደርደሪያውን እየጠረገ ነበር፤ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ነው። ሲያያት ደነገጠ።

«ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። አስጠንተሃታል አይደል?»

አንገቱን ደፋ። «እህቴ ናት ያለችኝ… አዎ። አስጠንቻታለሁ።»

«እኔም አስጠንቻታለሁ» አለች።

ቀና ብሎ አያት። «አንቺም?»

«እኔም። የትኛውን ልበል ብላ ጠየቀችኝ እኮ።»

መጀመሪያ እሱ ነው ፈገግ ያለው፤ ከዚያ ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። በስንት ጊዜያቸው! ሳቁ ሳያልቅ ግን እሱ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ሌሊት እኔ እዚህ ነኝ» አለ። «እህቴም የራሷ ልጆች አሏት። ከአንቺ ጋር ማደር እንዳለባት ጠፍቶኝ መሰለሽ? ግን ዝም ብዬ ብለቅልሽ፣ ስታድግ አባቴ አልፈለገኝም ብላ ታስባለች። እሱን ፈርቼ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።»

ፀጉር ሠሪዋ ስትመጣ የያዘችው ንዴት ሁሉ ውሃ ሆነ። አጠገቡ ጆንያው ላይ ተቀመጠች፤ ጥቁር ቀሚሷ ነጭ በነጭ ሆነ። «እኔ ደግሞ ትወስዳትና እንግዳ ታደርገኛለህ ብዬ ነው እንቅልፍ ያጣሁት» አለችው። ስንት ዓመት አንድ ቤት ኖረው እንዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ሊታረቁ ነው ብላችሁ እንዳትጓጉ፤ አልታረቁም። ትዳሩ አልቋል፣ ሁለቱም ያውቁታል።

ሁለቱም አንድ ላይ ፎቁ ላይ ወጡ። ጠበቃዋ «የእሷ ጠበቃ ነኝ፤ አንተ የራስህን አማክር» አሉትና አማከረ። ከዚያ ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ ነገሩ እንደ ሹሩባ መስመር ያዘ። እሱ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለውም፤ እሷ ደግሞ ፀጉር ቤቱ የሚጨናነቀው ያኔ ነው። ስለዚህ ድንቡሼን ከትምህርት ቤት የሚቀበላት እሱ ሆነ፤ እናቷ ሥራ እስክትጨርስ ከእሱ ጋር ትውላለች፣ ማደሪያዋ እናቷ ጋ። ይህን ሁሉ ያለ ጭቅጭቅ መስማማታቸው ዳኛዋ ጆሮ ሲደርስ፣ ካስኳን ገፍታ ብድግ አለች። «እንዴት ዝም ብለሽ ትሰጪዋለሽ!» ፀጉር ሠሪዋም «አንቺ ተቀመጪ፣ ፀጉርሽ አልደረቀም» አለቻት።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ስምምነታቸውን አነበቡ። ሆኖም ልጅቷን ሳላይ አላጸድቅም ብለው ድንቡሼን ወደ ቢሯቸው አስገቧት። እናትና አባት ውጭ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፀጉር ሠሪዋ ልቧ አፏ ደርሷል። ዳኛው በልጅቷ ቃል ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ? ሁለቱም በሩን በሩን ያያሉ።

ድንቡሼ እየሳቀች ወጣች። ምን እንደተባለች፣ ምን እንዳለች እናትየው መጠየቅ ፈልጋ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። እስከ ዛሬም አልጠየቀችም። ስምምነቱ ጸደቀ።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ ልጇን ትምህርት ቤት አደረሰች። በሩ ላይ ድንቡሼ እጇን አልለቅ አለች።

«እማ፣ ዛሬ አባዬ ሲመጣ ምን ልበለው?»

«ምንም አላስጠናሽም። የፈለግሽውን በይው።»

ድንቡሼ ጫማዋን አየች። «ናፍቀኸኛል ብለው አይከፋሽም?»

እናትየው ውሸት አማራት። ምንም አይከፋኝም ልትል ነበር፤ ግን ከዚህ በኋላ ለዚህች ልጅ የተዘጋጀ መልስ አልሰጥም ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች። ተንበርክካ አንገትጌዋን አስተካከለችላት።

«ትንሽ ይከፋኛል።»

«እንግዲያው ቀስ ብዬ ነው የምለው» አለች ድንቡሼ። «አንቺ እንዳትሰሚ።»

እናትየው ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ተማሪው ሁሉ በጎናቸው እየተጋፋ ያልፋል።

«አይ የኔ እናት» አለቻት። «ጮክ ብለሽ በይው።»