የዱባው ሚዛንና የኢንተርኔቱ ሕግ

ሎርና ፔቲቦን አሥራ አምስት ገጽ ሕግ በጠበቃዋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ በቀይ ያሰመረችበትን ቦታ በጣቷ ትደበድባለች።

"ይኸው! 'ማገድ ክልክል ነው' ይላል። ዌንዴል ደግሞ አግዶኛል። አለቀ!"

ወጣቷ ጠበቃ ኢነስ ታቫሬስ ሐሙስ ሐሙስ በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት የመጣውን ሁሉ በነጻ ታማክራለች። እስከ ዛሬ የገጠማት የአጥርና የኪራይ ጠብ ነበር።

"ዌንዴል ማነው?"

"የዱባ አብቃዮች ድረ ገጽ ባለቤት ነዋ!"

ሎርና ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትኖረው ለግዙፍ ዱባዎቿ ነው። ባለፈው ጥቅምት ዌንዴል የሚመዝንበትን የዱባ ክብደት ውድድር በሁለት ፓውንድ፣ አንድ ኪሎ በማይሞላ ልዩነት፣ ተሸነፈችና፣ "የዌንዴል ሚዛን ለወዳጅ ያዘነብላል" ብላ ድረ ገጹ ላይ ጻፈች። ጽሑፏ በአሥር ደቂቃ ተሰረዘ፤ እሷም ተባረረች። በዚያ የካሊፎርኒያ ጥግ ሌላ የዱባ ወሬ የሚወራበት ቦታ ስለሌለ፣ ክረምቱን እንደ ተወገዘ ሰው ብቻዋን ከረመች።

"ወይዘሮ ሎርና፣ የኢንተርኔት ገለልተኝነት ሕግ የሚይዘው መስመሩን ቤትዎ ድረስ የሚያመጣውን ኩባንያ ነው" አለች ኢነስ። "ኩባንያው የዌንዴልን ገጽ ቢዘጋብዎት ወይም ሆን ብሎ ቢያንቀራፍፍብዎት ኖሮ፣ አንለቀውም ነበር።"

"ዌንዴልስ?"

"አውቶቡስ ነድተዋል አይደል? ኩባንያው ሾፌሩ ነው፤ ተሳፋሪ መምረጥ አይችልም። ዌንዴል ግን ከአውቶቡሱ ወርደው የሄዱበት ቤት ነው። በሩን ቢዘጋብዎት ይህ ሕግ አይነካውም።"

"እኔ እኮ ሁሉንም ጭኛለሁ! የሚናከሰውን ልጅ እንኳ!"

"እንግዲያው ሕጉን አክብረዋል" አለች ኢነስ ሳቋን እየዋጠች። "ካልሆነ የራስዎን ድረ ገጽ ይክፈቱ።"

ለጨዋታ ያለችው ነበር። ሎርና ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ የእህቷን ልጅ አስጨንቃ "ቀጥ ያለ ሚዛን" የሚባል ድረ ገጽ አስከፈተች። ፊት ለፊቱ ላይም "እዚህ ማንም አይታገድም" ብላ በትልቁ ጻፈችበት። አርባ ሰው ተመዘገበ። ሎርና በደስታ አንገቷን ቀና አድርጋ መሄድ ጀመረች።

አንድ ማለዳ እንቁላሏን እየበላች ገጹን ብትከፍተው፣ አርባ አንደኛው ዌንዴል ሆኖ ቆያት። "የሎርና ዱባ አምና ተሰንጥቆ ነበር" ይላል። "በሲሊኮን ማጣበቂያ ለጥፋው ነው ያመጣችው። የተሰነጠቀ ዱባ ከውድድር እንደሚባረር እያወቅሁ፣ አዝኜላት ነው ዝም ያልኩት።"

ሎርና ሹካዋን አስቀምጣ ለኢነስ ስልክ ደወለች።

"ልጄ፣ ዌንዴል እኔው ገጽ ላይ ዱባሽ ተሰንጥቆ ነበር ብሎ ጻፈብኝ። ያ ሕግ እኔንስ ይመለከተኛል?"

"አይመለከትዎትም። ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ካልወደዱት ይሰርዙት።"

"እርግጠኛ ነሽ? እስቲ ደህና አድርገሽ ፈልጊ።"

"ወይዘሮ ሎርና፣ እንዲተዉት የሚያስገድድዎት ምንም ሕግ የለም።"

"ምን የማይረባ ሕግ ነው!"

"የጻፈው እውነት ነው እንዴ?" አለች ኢነስ።

ሎርና ስልኩን ዘጋችው። "ሰርዝ" የሚለው ቁልፍ ላይ ጣቷን እንዳደረገች እንቁላሉ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ "እዚህ ማንም አይታገድም" የሚለውን የራሷን ጽሑፍ አይታ ጣቷን አነሳችና፣ ከዌንዴል ጽሑፍ ሥር ቀስ እያለች ጻፈች፦

"ስንጥቋ የጥፍር ያህል ነበረች። የለጠፍኳትም በሰም እንጂ በሲሊኮን አይደለም።"

ከዚያ ዓይኗን ጨፍና "ላክ" የሚለውን ተጫነች።