ሦስተኛው ጥሪ

ስህተቱ የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በእኔ ስህተት ይብራራል ብዬ ስለማምን አይደለም። የሚብራራው ግን ይብራራ።

በፈረንጆቹ 2012 ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ብሎ ባለ አንድ አነስተኛ የክርስቲያን ኮሌጅ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ በስፖርት ቢሮው እሠራለሁ። ሥራዬ የተወዳዳሪዎችን ስም መመዝገብ፣ የውሃ ኮዳ መሙላትና አውቶቡስ ማዘዝ ነበር። ኮሌጁ ስድስት መቶ የማይሞሉ ተማሪዎች ነበሩት። ረቡዕ ረቡዕ ሁላችንም ለጸሎት ቻፕል እንገባለን። ከቻፕሉ ጀርባ ጂም አለ፣ ከጂሙ ጀርባ ጫካ። የአገር አቋራጭ ቡድናችን የሚለማመደው እዚያ ጫካ ውስጥ ነበር።

በአገር አቋራጭ ሩጫ የቡድን ነጥብ የሚያዘው በአምስት ሰው ነው። አምስት ሰው መጨረሻው መስመር ካልደረሰ ቡድኑ እንዳልተወዳደረ ይቆጠራል። እኛ ኮንፈረንስ በሚባለው የአካባቢው ኮሌጆች ማኅበር ውድድር ሁለት ዓመት በተከታታይ አምስት ማድረስ አቅቶን ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ የስፖርት ዳይሬክተሩ ልጆቹን ሰብስበው፣ ዘንድሮም ካልሞላችሁ ቡድኑ ይዘጋል፣ የሩጫ ስኮላርሺፑም አብሮ ይቀራል አሏቸው። ከተሰበሰቡት አምስት ልጆች መካከል ያለዚያ ስኮላርሺፕ ኮሌጁ ውስጥ መቆየት የማይችለው አንድ ብቻ ነበር፤ ሀዲስ ገላው።

ሀዲስ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ልጅ ነው። አባቱ ያኔ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እናቱ እትዬ የወይንሐረግ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቆርጣሉ። ከቡድኑ ፈጣኑ እሱ ነበር፤ ሲሮጥ ግን ትከሻው ጆሮው ሥር ይደርሳል። አሰልጣኛችን ሁለት ዓመት ሙሉ ነግረውት አልተላቀቀውም።

አሰልጣኙ ኮች ሀርላን ጡረታ የወጡ ፓስተር ናቸው። ስም ሳይጠሩ ምንም ነገር አይጀምሩም። አምስቱ ልጆች ፊታቸው ቆመው እያዩዋቸው ወረቀት አውጥተው አንድ በአንድ ይጠራሉ። ሀዲስ ደግሞ ሦስት ጊዜ ካልተጠራ አይመልስም። መጀመሪያ ሰሞን ጆሮውን ያመመው መስሏቸው ሐኪም ጋ ሊልኩት ነበር። ያስረዳቸው ጆኒ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ የተወለደ፣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን እያላተመ የሚያወራ ሯጭ። የእናቱ ትእዛዝ ነው አላቸው። እትዬ የወይንሐረግ ለልጃቸው የሚሉት፣ አንዴና ሁለቴ የሚጠራህ ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ሦስተኛ የሚጠራ ግን ሰው ነው፣ እስከዚያ አቤት እንዳትል ነው። ኮች ይህን ሰምተው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ግን መልስ ያጡበትን ስም ሁሉ ሦስት ጊዜ መጥራት ልማድ አደረጉት። ጆኒ የሀዲስን ስም «ሦስቴ» ብሎ ለወጠው።

«ሦስቴ፣ በፍርድ ቀን መልአኩ አንዴ ብቻ ነው አሉ ኮል የሚያደርገው። ትቀራለህ» ይለው ነበር።

የኮንፈረንሱን ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ። ድረ ገጹ መጀመሪያ ላስት ኔም፣ ማለትም የአባት ስም፣ ቀጥሎ ፈርስት ኔም፣ የራስ ስም፣ ይጠይቃል። የእኛ ሰው እጅ ግን ስንት ዓመት እዚህ ቢኖር የሚጀምረው ከራስ ስም ነው። የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ሀዲስ፣ ሁለተኛው ውስጥ ገላው ብዬ ላክሁት። ወዲያው ነቃሁና አጠፋሁት፣ ወይም ያጠፋሁት መሰለኝ። አስተካክዬ እንደገና ላክሁ። የውድድሩ ቀን ጠዋት አዘጋጆቹ በሰጡን ፖስታ ውስጥ ስድስት የደረት ቁጥርና ጫማ ላይ ታስረው የሯጩን ሰዓት የሚያስመዘግቡ ስድስት ቺፖች አገኘሁ። 416፣ ሀዲስ ገላው። 417፣ ገላው ሀዲስ።

ለፈረንጅ ይህ የተገለበጠ ስም ነው። ለእኛ ሌላ ሰው ነው። ሀዲስ የአያቱን ስም ነው የያዘው። አያቱ ሀዲስ፣ አባቱ ገላው ሀዲስ፣ እሱ ሀዲስ ገላው። እኔ ለውድድሩ የመዘገብኩት የሞቱትን አባቱን ነበር።

ሀዲስ 417ን ከእጄ ተቀብሎ ደጋግሞ አየው።

«የአባዬ ስም ነው» አለ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ምንም አይደል ብሎ መለሰልኝ። ቁጥሩንና ቺፑን የቦርሳዬ የጎን ኪስ ውስጥ ከትቼ ዚፑን ዘጋሁት፣ ቦርሳውንም አነገትኩ።

ውድድሩ ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ፣ ወንዙ ዳር ባለ ፓርክ ውስጥ ነበር። ከወንዙ የተነሣ ጉም ሜዳውን ሸፍኖታል። ዛፎቹ ከግማሽ በላይ ብቻ ይታያሉ። ኮች ከአዘጋጆቹ የተሰጣቸውን ወረቀት ይዘው መነሻው ላይ ቆሙ። ስም ሲጠሩ ማንም እንዲናገር አይፈቅዱም። ስለ ስህተቱ ልነግራቸው አፌን ስከፍት መዳፋቸውን አነሱብኝ። የተጻፈውን ማንበብ ጀመሩ። ሀዲስ ገላው ሲሉ እንደ ልማዱ በሦስተኛው መለሰ። ቀጠሉ።

«ገላው ሀዲስ።»

ኮች እርሳሳቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ጠበቁ።

«ገላው ሀዲስ።»

ጆኒ ሳቁን ለመያዝ ወደ ጫማው አጎነበሰ። ሀዲስ ኮዳውን አፉ ላይ ደግኖ ይጠጣ ነበር።

«ገላው ሀዲስ።»

«አቤት!»

ድምፁ የመጣው ከኋላችን፣ ከዛፎቹ በኩል ነው። ወፍራም፣ ቁርጥ ያለ፣ ሰልፍ ላይ የኖረ ሰው ድምፅ። ኮች ቀና ሳይሉ ምልክታቸውን አድርገው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ። አማርኛ አያውቁም፤ የሰሙት ሀዲስ ሁልጊዜ የሚመልሳትን ቃል ነው።

«ሦስቴ፣ አንድ ስም አይበቃህም እንዴ? ግሪዲ» አለው ጆኒ።

የሀዲስ ኮዳ አሁንም አፉ ላይ ነበር። ውሃው በአገጩ እየወረደ ማሊያውን ያርሰዋል።

ሩጫው ስምንት ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለት ዙር። እኔ ኮረብታው ላይ ቆሜ ሰዓት እይዝ ነበር። ሀዲስ በመጀመሪያው ዙር ሲያልፈኝ የማላውቀው ሰው መሰለኝ። ትከሻው ወርዷል። ፊቱ አልተቋጠረም። ከኋላው ያለው ሯጭ በሠላሳ ሜትር ይርቃል። እርጥቡ ቅጠል ላይ ግን የሰማሁት የአንድ ሰው ኮቴ አልነበረም። ጉም ድምፅ ያሳስታል አልኩ ለራሴ። እውነትም ያሳስታል።

በሁለተኛው ዙር ጆኒ ጉድጓድ ረግጦ ቁርጭምጭሚቱ ተጠማዘዘ። ኮች አብረውት ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ የስም ወረቀቱን የያዙበትን ሰሌዳ ለእኔ ሰጥተው፣ ውጤቱ ሲወጣ በቡድኑ ስም አንተ ፈርም አሉኝ። ወደ መጨረሻው መስመር ሮጥኩ። ሀዲስ ገብቶ ወደቀ። ላነሳው ከእነ ቦርሳዬ መስመሩ ላይ የተነጠፈውን፣ ቺፕ የሚያነበውን ምንጣፍ ረግጬ ገባሁ። የቀሩት ሦስቱ የቡድናችን አሜሪካኖች ተራ በተራ ገቡ። አራት። ሀዲስ ሳር ላይ ተቀምጦ በጣቱ ሲቆጥር አየሁት፤ ከዚያ እጁን ጭኑ ሥር ደበቀው።

ውጤቱ ድንኳኑ ላይ ሲለጠፍ ግን ኮሌጃችን ነጥብ ነበረው። ከሰባት ቡድን አምስተኛ። ዝርዝሩን በጣቴ ተከትዬ ወረድኩ። ሀዲስ ገላው፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ ከሃምሳ አንድ። ገላው ሀዲስ፣ ሃያ ስድስት ከሃምሳ ሁለት።

አንድ ሰከንድ። ወዲያው ገባኝ፣ ደስም አለኝ። ምንጣፉ ቺፕ ያነባል፣ ቺፑ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ እኔ ደግሞ ሀዲስን ተከትዬ ምንጣፉን ረግጫለሁ። ይህንኑ ኮምፒውተሩ ላይ ለተቀመጠችው ልጅ ነገርኳት። ይሆናል ብላ ሌላ ገጽ ከፈተች፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ፣ ሌላ ምንጣፍ አለ፣ ከእኔ ኮረብታ ሜዳውን ተሻግሮ። ሀዲስ እዚያ ያለፈው በአሥራ ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ስምንት ሰከንድ ነው። ገላው በአሥራ ሦስት ከአሥራ ዘጠኝ። በዚያ ሰዓት እኔ ኮረብታው ላይ ነበርኩ።

ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። አሰልጣኛችሁ መነሻው ላይ መኖሩን ምልክት አድርገዋል፣ ማሽኑም ሁለት ጊዜ አንብቦታል፣ ለእኔ ይህ ይበቃል አለችኝ። ተቃውሞ ካለኝ ሠላሳ ደቂቃ አለኝ፤ ከሌለኝ ልፈርም።

ከድንኳኑ ወጥቼ የቦርሳዬን ኪስ ከፈትኩ። ዚፑ እንደዘጋሁት ነበር። የኪሱ ጨርቅ ደረቅ ነው። ቺፑ ግን እርጥብ ነበር፤ የሳር ቅጠል ተጣብቆበታል።

ወረቀቱንና ቺፑን ይዤ ሀዲስ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። አለመገረሙ ከሁሉም በላይ አስፈራኝ።

«ከኋላዬ ነበር» አለ። «አንድ እርምጃ ብቻ። አንዴም አልቀደመኝም።»

ቀስ እያለ ነገረኝ። አባቱ በወጣትነታቸው የፖሊስ ክለብ ሯጭ ነበሩ። ሀዲስ አሥር ዓመት ሲሞላው ቅዳሜ ቅዳሜ ከታክሲ ሥራቸው በፊት እዚህ ወንዝ ዳር ያስሮጡት ነበር። ሁልጊዜ ልጁ ቀድሞ እንዲደርስ አንድ እርምጃ ከኋላው ይሮጣሉ። የሚሉትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትከሻህን ጣል። ስማቸው ሲጠራ፣ ሚስታቸው ከወጥ ቤት ቢጠሯቸው እንኳ፣ የፖሊስ ካምፕ ውስጥ እንደለመዱት ነው አቤት የሚሉት። የሞቱት ጥር ላይ፣ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ውስጥ፣ መሪ እንደያዙ ነው። የታክሲ ድርጅቱ በመኪናው መገናኛ ራዲዮ ግማሽ ሰዓት ሲጠራቸው ነበር አሉ።

«ተጠርቶ ያልመለሰው ያን ቀን ብቻ ነው» አለ ሀዲስ። ቀጥሎም፣ «እማዬ እኛን ነበር የምታስጠነቅቀው። የሞቱትም ሦስተኛውን ነው የሚጠብቁት ማለት ነው።»

ሁለቱንም ምርጫ ሳላዳላ ልነግረው ሞከርኩ። ብፈርም አምስት ሰው አስገብተናል፣ ቡድኑ አይዘጋም፣ እሱም ትምህርቱን ይጨርሳል። ጆኒ መውጣቱን እንጂ ስንት ሰው መግባቱን ከእኛ በቀር የቆጠረ የለም። ኮች እንደሆኑ የሚያምኑት ወረቀቱን ነው፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ስድስት ምልክት አለ። ከፈረምኩ ግን ስሙ መዝገብ ውስጥ ይቆያል። ኮች የልምምዱንም ዝርዝር የሚያወጡት ከዚያው መዝገብ ነው።

«በየቀኑ ይጠሩታል ማለት ነው» አለ።

«አዎ።»

«ሦስት ሦስት ጊዜ።»

ድንኳኑ ላይ የተሰቀለውን ሰዓት አየሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቷል። ፈርም ቢለኝ እፈርም ነበር። ፈርም እንዲለኝም እፈልግ ነበር። ሀዲስ ቺፑን ከመዳፌ አንስቶ የተጣበቀበትን ሳር በጥፍሩ ላጠው። እንደገና መስማት እንደሚፈልግ ፊቱ ላይ ይታያል። አንዴ ወደ ዛፎቹ ዞሮ ከንፈሩን አላቀቀ፣ ሊጠራ ይመስል። ከዚያ መልሶ ገጠመው።

«አጥፋው» አለኝ። «ደክሞታል።»

ሄጄ በአባቱ ስም ላይ መስመር አሰመርኩና ምክንያቱ በሚለው ቦታ «የምዝገባ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ አዲስ ወረቀት አተመች። ኮሌጃችን ከዝርዝሩ ግርጌ ነጥብ አልባ ሆኖ ወጣ። ቡድኑ ከገና በኋላ ተዘጋ። ሀዲስም በሚቀጥለው ሴሚስተር አሌክሳንድሪያ ወዳለ የሕዝብ ኮሌጅ ተዛወረ፤ ማታ ማታ ከእናቱ ጋር ትኬት ይቆርጥ ጀመር። ለኮች የነገርኳቸው ስሙን ሁለት ጊዜ መመዝገቤን ብቻ ነው። እሳቸውም፣ ታዲያ ማን ነው የመለሰልኝ ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁኝና ተዉት።

የውድድሩ ዕለት፣ ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ስም መጥራት የእኔ ተራ ሆነ። የኮች ሰሌዳ እጄ ላይ ነው። ሦስቱን አሜሪካኖች ጠራሁ። ሀዲስ ገላው ስል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአንዴ «አቤት» አለ። ከሱ ስም ሥር፣ እዚህም የሰረዝኩት የአባቱ ስም ነበር። ሹፌሩ በሩ ላይ እጁን አድርጎ፣ ሌላ የቀረ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጉሙ በክፍቱ በር እየገባ ደረጃው ላይ ይተኛል። አፌ ውስጥ ያለውን ስም ዋጥኩት።

መልሱን የሰጠው ሀዲስ ነው። ማንም የለም፣ ይዘጋ አለው።

በሩ ሊገጥም ሲል ቅጠል ላይ የሚራመድ ኮቴ ሰማሁ። ቸኩሎ አልነበረም። ወደ ወንዙ ነበር የሚሄደው።